ካምደን ያርድስ፦ ሜዳው ሸጋ፣ ዱላው ዝም

ከሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር ወርዶ በካምደን ያርድስ ስታዲየም ቤዝቦል ማየት ያዋጣል። ከሜዳው ቀኝ ጀርባ ያለው የጡብ መጋዘን ብቻ ዓይን ያጠግባል። በስታዲየሙ ግቢ ባለው መንገድ፣ በዩታው ስትሪት፣ የሚሸጠው ጥብስ ደግሞ ጭሱ ይጣራል።

እኔን ያቃጠለኝ የባልቲሞሩ ቡድን ኦሪዮልስ መቺውን ክሪስ ዴቪስን ማሰለፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 53 ሆምራን (ከአጥር በላይ የሚያልፍ ምት) የመታ ሰው፣ በ2018 የመምታት አማካዩ ወደ 0.168 ወረደ። ከዚያ እስከ ሚያዝያ 2019 በተከታታይ 54 የመምታት ሙከራ ባዶ! የ7 ዓመት፣ የ161 ሚሊዮን ዶላር ውል ስለነበረው ቢያሰናብቱትም ደመወዙ አይቀርም ነበር። ይገባኛል። ግን የወጣ ገንዘብ ላይመለስ የወጣቶቹን ቦታ ማስያዝ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? አጎቴ ግን «ተዉት፣ ይነሳል» ይል ነበር። ዴቪስ በ2021 ጡረታ ወጣ።

ትኬት ስትገዙ በሦስተኛው ቤዝ በኩል ያዙ፤ መጋዘኑ ፊት ለፊት ይታያል።