አዳማ ላይ ፓስታ በሙዝ፦ የሶማሌ ምግብ ቤቱ

ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ያለው ይህ ቤት በሱጎ ፓስታው ሊመሰገን ይገባዋል። ፓስታውን ወደ ሶማሊያ ያመጣው የጣልያን አገዛዝ ነው። እዚያ በሸበሌ ወንዝ ዳር ጀናሌ በምትባል ከተማ ላይ የጣልያን ሰፋሪዎች ሰፋፊ የሙዝ እርሻ ነበራቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም የሙዝ ንግዱን በመንግሥት ሞኖፖል ያዘችው፤ የአካባቢው ገበሬ ግን በግዳጅ ይሠራ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ከሳህኑ ጎን የሚቀመጠውን ሙዝ እንደ ጌጥ ያየዋል፣ ያሳዝናል።

ወደ ምግቡ እንመለስ። ሱጎው የተፈጨ ሥጋ፣ ቲማቲምና ሐዋሽ የሚባለው የሶማሌ የቅመም ቅልቅል ነው፤ ሐዋሹ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድና ሄል አለው። ቅመሙ ከሽንኩርቱ ጋር በዘይት ካልተቁላላ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፤ እዚህ በደንብ ይቁላላል። ድክመቱ ፓስታው ላይ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ፓስታው ፓኮው ላይ ከተጻፈው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምራል። ምሳ ሰዓት ላይ ሲጣደፉ መሃሉ ሳይበስል ይወጣል። ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ መሄድ ይሻላል።

ሙዙ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ከመጠን በላይ የበሰለው ሱጎው ውስጥ ይሟሟል። ቆራርጦ ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር መብላት ነው፣ ለብቻው አይደለም። ሻዩ ውስጥ ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ፣ ቀነስ እንዲልላችሁ ከፈለጋችሁ ስታዙ ተናገሩ።