ሳቢያን ላሉት የወፍጮ ቤት አባት

የድሬ ልጆች፣ እንደምን ናችሁ? ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍጮ ቤት የሚሠሩ አባት አሉ፤ ሳላመሰግናቸው ብቀር ቅር ይለኛል።

ለልጄ ክርስትና ድፎ ልደፋ ብዬ ከቀፊራ ገበያ 25 ኪሎ ስንዴ ገዝቼ ሌላ ቦታ አስፈጨሁ። ዱቄቱ እጅ እስኪፈጅ ግሎ ወጣ። እኔም ትኩሱን ጆንያ ውስጥ አስሬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው ታፍኗል፤ ሊጡም ኩፍ አልል አለኝ። ክርስትናው ሦስት ቀን ቀርቶታል!

ሌላ ስንዴ ገዝቼ በጎረቤት ጥቆማ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ከጆንያው ዘግነው አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሯትና “ልጄ፣ ይሄ በጣም ደርቋል፤ ዛሬ አልፈጭልሽም” አሉኝ። 1 ሊትር ያህል ውሃ እያርከፈከፍኩ አገላብጬ፣ ሸፍኜ እንዳሳድረው ነገሩኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከስንዴ ፍሬ 83 በመቶ ያህሉ ነጩ ውስጡ ነው፤ 14 በመቶ ገደማው ልባሱ፣ የቀረችው ትንሿ ደግሞ የምትበቅለው ሽል ናት። ርጥበት ሲያገኝ ልባሱ ይጠነክራል፣ ውስጡ ይላላል። በደረቁ ሲፈጭ ግን ልባሱም አብሮ ይደቅና ወንፊት አይለየውም። በኛ ሙቀት እህል ቶሎ ስለሚደርቅ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

በማግስቱ ከእኔ በፊት ማሽላ ተፈጭቶ ነበር። ድንጋዩ እንዲጠራ ሁለት እፍኝ ስንዴ አሳልፈው ለብቻው አስቀመጡት። ከዚያ ከቋቱ ዱቄት እየቆነጠሩ በአውራ ጣታቸው እያሹ፣ ድንጋዩን ጥቂት ጠበቅ፣ ጥቂት ላላ ያደርጉታል። ዱቄቱ ልስልስ ብሎ፣ ለብ ብሎ ብቻ ወጣ። “ድንጋይ ካልተወቀረ እህሉን ያሸዋል እንጂ አይፈጨውም፤ የሚያግለውም እሱ ነው” አሉኝ። የራሳቸውን ድንጋይ የሚወቅሩት ራሳቸው ናቸው።

“ቤት ስትገቢ ሸራ ላይ አስጪው፣ ሲበርድ ክተቺው” ብለው አስጠነቀቁኝ። ሽሏ ዘይት ስላላት ያልተነፋ ዱቄት ሲቆይ ይበላሻል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ አስፈጩ።

ድፎው ኮባው ሲገለጥ ሽታው ጎረቤት ጠራ፤ አማቴ ሁለቴ ቆረሱ። አባባ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው!

ስንዴያችሁን ለቅማችሁ፣ አበጥራችሁ ውሰዱላቸው። ቅዳሜ ወረፋው ረጅም ነው፤ በጠዋት ሂዱ። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።