ኢኤስፒ32 ባለ 30 ፒን ቦርድ፦ ከመግዛትዎ በፊት ፒኖቹን ይወቁ

ኢኤስፒ32 ኮድ ተጭኖበት ሴንሰርና መብራት የሚቆጣጠር ትንሽ ቦርድ ነው፤ የጀማሪዎቹ ቦርድ አርዱዊኖ ኡኖ ለጠበበው ሰው ቀጥሎ የሚገዛው ይህን ነው። ኡኖ 16 ሜጋኸርዝና 2 ኪሎባይት ራም ሲኖረው፣ ኢኤስፒ32 እስከ 240 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ኮሮች፣ 520 ኪሎባይት ራም፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አለው። ኮዱም በለመድነው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በአርዱዊኖ አይዲኢ ይጻፋል። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚለቅ ከሆነ አያገኘውም።

ሰው የሚቸገረው ፒኖቹ ላይ ነው። ተደርድረው ሲታዩ ሁሉም እኩል ይመስላሉ፤ አይደሉም። 34፣ 35፣ 36 እና 39 ይቀበላሉ እንጂ አይልኩም፤ ኤልኢዲ ቢሰካባቸው አይበራም። ፑልአፕም (በተኑ ሳይጫን ፒኑ እንዳይዋልል የሚይዘው የውስጥ ሬዚስተር) ስለሌላቸው በተን ሲገጠም ከውጭ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ይጨመርላቸው። ፒን 12 ቦርዱ ሲነሳ 3.3 ቮልት ካገኘ ቺፑ ለፍላሽ ሜሞሪው 1.8 ቮልት ይመርጥና ቦርዱ ሳይነሳ ይቀራል። አናሎግ ሴንሰር 32፣ 33፣ 34፣ 35፣ 36 ወይም 39 ላይ ይሰካ። 4፣ 25፣ 26 እና 27 ዋይፋይ እስኪከፈት ደህና ያነባሉ፣ ሲከፈት ያቆማሉ፤ ሴንሰሩን ከመጣል በፊት ይህን ማየት ነው።

አደራ፣ 39 ቦርዱ ላይ «ቪኤን» (VN) ተብሎ ነው የተጻፈው። በዚያው ጎን ጫፍ ላይ ያለው የ5 ቮልት መግቢያ ደግሞ «ቪአይኤን» (VIN) ነው። በአንድ ፊደል ስህተት ቺፑ ሊቃጠል ይችላል፤ ፒኖቹ ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። ኤችሲ-ኤስአር04 በሚባለው ሴንሰር ርቀት የሚለካ ሰው ከሴንሰሩ የኤኮ (የመልስ) ፒን ወደ ቦርዱ ፒን የ1 ኪሎኦም፣ ከቦርዱ ፒን ወደ ግራውንድ የ2 ኪሎኦም ሬዚስተር ያድርግ፤ 5 ቮልቱ ወደ 3.3 ይወርዳል።

ዋይፋዩ ሲከፈት ቦርዱ እየጠፋ እየበራ ከሆነና ሲሪያል ሞኒተሩ (የቦርዱ መልእክት በኮምፒውተር የሚታይበት መስኮት) «ብራውንአውት» ካለ ኮዱን አይንኩት፤ ኃይል አንሶታል። ወፍራምና አጭር ኬብል ይሞክሩ፣ በ3.3 ቮልቱና በግራውንዱ መካከልም 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ፕላስና ማይነሱን ጠብቀው ያስገቡ። ኮድ ሲጫን ነጥብ ብቻ እየደረደረ ከቆመ ደግሞ ፐርሰንት መቁጠር እስኪጀምር «ቡት» የሚለውን በተን ይጫኑ። ኮምፒውተሩ ቦርዱን ጨርሶ ካላየው ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ይሆናል፣ ወይም የሲኤች340 ወይም የሲፒ2102 ድራይቨር አልተጫነም።

በባትሪ ለሚሠራ ነገር ግን ይህን ቦርድ አንመክርም። ቺፑ ዲፕ ስሊፕ (ኃይል ቆጣቢ ከባድ እንቅልፍ) ሲገባ 10 ማይክሮአምፕ ገደማ ይበቃዋል፤ ቀዩ መብራት፣ ቮልቱን የሚያስተካክለው ሬጉሌተሩና የዩኤስቢ ቺፑ ግን አይተኙም። አንድ ላይ 5 ሚሊአምፕ ቢስቡ 2000 ሚሊአምፕሰዓት ባትሪ በ17 ቀን ያልቃል። ለዚህ ሞጁሉን (ቺፑ ያለበትን ትንሹን ክፍል) ለብቻው ገዝቶ መበየድ ይሻላል።