«ለእርስዎ ብቻ» እየተባለ ከሚሸጥ የማራቶን ፕሮግራም ተጠንቀቁ

ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ለእርስዎ ብቻ የሚዘጋጅ የ16 ሳምንት የማራቶን ፕሮግራም» የሚሸጠውን አሰልጣኝ ነኝ ባይ ታውቁታላችሁ። ቅጽ ይልካል፤ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የቀድሞ ጉዳት፣ በሳምንት የምትሮጡትን ኪሎ ሜትር ያስሞላል። ክፍያ ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ። ከዚያ ፒዲኤፍ ይመጣል።

እኔም ከፍዬ ደረሰኝ፤ ሽፋኑ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን «ከፍተኛ የልብ ምት፦ 194» ይላል። ቀመሩን እሱ ራሱ ከሥሩ አስቀምጦታል፤ 220 ሲቀነስ ዕድሜ። ቅጹ ላይ ያለው ዕድሜ 43 ነው፤ 177 መሆን ነበረበት። 194 የሚመጣው ለ26 ዓመት ሰው ነው። የሌላ ሰው ፕሮግራም ነዋ! የተቀየረው ሽፋኑ ብቻ። ቀመሩ እንደሆነ ያው ግምት ነው፣ ከሰው ሰው ከ10 ምት በላይ ሊስት ይችላል፤ ሰውዬው ግን ለመገመት እንኳ አልደከመም።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። በዚህ ፒዲኤፍ «ቀላል ሶምሶማ» እስከ 155 ምት ይደርሳል። ለወጣቱ 80 በመቶው ነው፤ ጣሪያው 177 ለሆነ ሰው ግን 88 በመቶ ገደማ፣ ማለትም እያወሩ መሮጥ የማይሞከርበት ፍጥነት። እግር የሚያገግምበት ቀን ጠፋ ማለት ነው።

ኪሎ ሜትሩ ይብሳል። በሳምንት 25 እሮጣለሁ ተብሎ ለተሞላ ቅጽ የመጀመሪያው ሳምንት 62 ኪሎ ሜትር፣ የእሁዱ ብቻ 26! ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሼ ከቻለ እግሬም ይችላል ብሎ የገፋ ሰው መጀመሪያ ቅልጥሙን ያመዋል፤ ሳያርፍ ከቀጠለ አጥንቱ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ጭራሽ ውድድሩ 1 ሳምንት ሲቀረው 32 ኪሎ ሜትር ተጽፏል። የመጨረሻው ረጅም ሩጫ ብዙውን ጊዜ 3 ሳምንት ሲቀር ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ልምምዱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

ስለሚበላና ስለሚጠጣ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ውሃ በብዛት ይጠጡ»። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብዙ ሰው የሚወድቀው ጡንቻና ጉበት ያጠራቀሙት ግላይኮጅን (ለጉልበት የሚቀመጥ የስኳር ክምችት) ስለሚያልቅ ነው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድን ሆድ አስቀድሞ በረጅም ሩጫ ላይ መልመድ አለበት። ውሃ ያለ ልክ መጠጣት ደግሞ የደም ሶዲየምን አውርዶ ለሕይወት አደጋ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም።

የ194ቱን ስክሪንሾት ስልክለት የመጣው መልስ ይሄውላችሁ፦ «ማራቶን የሰነፍ ስፖርት አይደለም። ቁጥር ስትቆጥር ከምትውል ወጥተህ ሩጥ።» ለካ «እርስዎ» ክፍያው እስኪገባ ነው። ገንዘቤን መልስ ስለው «ፋይል ከተላከ አይመለስም» አለና የሳቅ ምልክት አስከትሎ ብሎክ አደረገኝ።

መግዛታችሁ ካልቀረ የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ብቻ ከፍላችሁ እዩት። የመጀመሪያው ሳምንት አሁን ከምትሮጡት ብዙ መብለጥ የለበትም፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱም ቀለል ያለ ሳምንት ይኑረው። ብሎክ ሲያደርጋችሁ የተባባላችሁት ሊጠፋ ስለሚችል ቅጹንና ደረሰኙን ቀድማችሁ አስቀምጡ።