የሞተ ቲቪ ላላችሁ ሁሉ፣ ይህን ልጅ እወቁልኝ

እጁ ይባረክ። ክፉ አይንካው። ከዚህ በፊት ለጥገና ባለሙያ እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ሰው ሥራውን ሠርቶ ገንዘቡን ከተቀበለ በቃ፣ ሒሳባችን ተዘጋ የምል ሰው ነኝ። ይህን ልጅ ግን ዝም ብዬ ባልፈው ነውር ነው።

ነገሩ የቲቪ ጉዳይ ነው። ፍላት ስክሪን ቲቪያችን አልነሳ ብሎ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ቀይዋ መብራት ትበራለች። ሪሞቱን ስንነካ ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥ። ምስል የለም፣ ድምፅ የለም።

«ለቲቪ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ለእኔ ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ ስልኬ ይበቃኛል። አባዬ ግን እግሩ እምቢ ካለው ወዲህ ከቤት አይወጣም። ዜናውም፣ ኳሱም፣ ጨዋታውም እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ቲቪው ሲሞት ቀኑ ረዘመበት። አንድ ቀን እንኳ «አሠሩልኝ» አላለም። አለማለቱ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

እስኪ በመጀመሪያ ምሬቴን ልተንፍስ። ስም አልጠራም፣ ሰፈርም አልጠቅስም። ራሳቸውን ያውቃሉ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ሰው ቲቪውን ገና ከመኪና ሳናወርደው ፈረደበት። «ፓነሉ ሄዷል» አለኝ፣ ምስል የሚያሳየው ስክሪኑ ራሱ ማለቱ ነው። አልሰካውም፣ አልከፈተውም፣ እጁን ከኪሱ አላወጣም። «እንዴት አወቅክ?» ስለው ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ስንት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል። ይህን ከፈለግሽ እኔ ለእቃ እወስደዋለሁ» አለኝ። የማይረባ ከሆነ ለምን ፈለገው? እሱን መጠየቅ የመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ባሰ። «ተዪው፣ ነገ ደውዪ» አለኝ። ነገ ደወልኩ፣ ስልክ አይነሳም። ሲነሳ ደግሞ «እቃ እየጠበቅን ነው»። የምን እቃ? «ቦርድ»፣ ከውስጡ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች አንዱ መሆኑ ነው። የትኛው ቦርድ? «ነገርኩሽ እኮ፣ ቦርዱ!» ቅድሚያ ክፍያ ወስዷል፣ ስለዚህ እንደ ጥፋተኛ የምለማመጠው እኔ ነኝ። በመጨረሻ መረረኝና ሄጄ ቲቪውን እንዳለ አወጣሁት። ገንዘቤን ስጠይቅ «እሱማ የምርመራ ነው» ተባልኩ። ምን እንደመረመረ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ቤት አምጥተን ስናዞረው ከውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ብሎን ነው። ከጀርባው ደግሞ ብሎን የሌላቸው ቀዳዳዎች ተከፍተው ቀርተዋል። ቲቪዬ ሞቶ ሄዶ ጎድሎ ተመለሰ በሉት።

ተስፋ ቆርጬ አዲስ የመግዛት ወሬ ስጀምር ነው አንዲት ጎረቤቴ «እስቲ እዚህ ልጅ ጋር ደውዪ፣ ቤት ድረስ ይመጣል» ያለችኝ። ደወልኩ። ከሁሉ በፊት ያስገረመኝ ነገር፣ ዋጋ ከመንገሩ በፊት ጠየቀኝ። መብራቷ ትበራለች? ቀለሟ ይቀያየራል? ድምፅ አለው? በሉት፣ እስከዚያ ቀን እነዚህን ነገሮች የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እንዳትሰኩት፣ በተለይ ያ የሚንኳኳው ብሎን ሳይወጣ» አለኝ። ብሎኑ ቦርድ ላይ አርፎ ኤሌክትሪክ ቢያገናኝ ኖሮ ሌላ ጣጣ ይመጣ ነበር።

ባለው ሰዓት መጣ። ይህንንም እንደ ተአምር ቁጠሩልኝ።

ብሎኑን አራግፎ ካወጣው በኋላ ካቻቢቴውን ወዲያው አላነሳም። መጀመሪያ የስልኬን ቻርጀር ቲቪው የሚሰካበት ሶኬት ላይ ሰክቶ አየው። ይሠራል። ሪሞቱን የስልክ ካሜራ ፊት አድርጎ ተጫነው፤ ጫፉ ላይ በዓይን የማይታይ ብርሃን በካሜራው ውስጥ ብልጭ አለ። ሪሞቱም ጤነኛ ነው። ይህቺን ዘዴ ያዟት፣ እኔ ወድጃታለሁ። በአንዳንድ ስልክ የኋላው ካሜራ አያሳይም፣ በፊተኛው ሞክሩት። ከዚያ በቲቪው ራሱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ፈልጎ ተጫናት። ከጀርባው የተሰኩትን ገመዶች በሙሉ ነቀለ። መብራቱንም ነቅሎ ቁልፏን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ያዛት፣ መልሶ ሰካው። አልተነሳም።

«አንዳንዱ በዚህች ብቻ ይነሳል» አለኝ። «ያኔ ገንዘብ አልቀበልም። ምን ሠርቼ?»

ይህን የሚል ባለሙያ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም።

አሁን ልጽፍ የተነሳሁበት ነገር ላይ ደረስኩ። «ከመሞቱ በፊት ጠባዩ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «በድንገት ነው ቀጥ ያለው» አልኩት። እኛ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንመለሰው፤ እስከማውቀው ድረስ እንደዚያ ነበር። አባዬ ከወንበሩ ላይ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ጆሮው ትንሽ ከብዶታል፣ ሰው ሲያወራ ደግሞ ጣልቃ መግባት አይወድም። ሌላ ሰው ቢሆን አይሰማውም ነበር። ልጁ ግን ቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ አስቀምጦ ሄደና ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ቀኑን ሙሉ አብረውት የሚውሉት እርስዎ ነዎት።»

አባዬ ነገረው። በድንገት አይደለም። ወር አልፎታል። ጠዋት ጠዋት ሲከፍተው ያስጠብቀው ጀመር። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ እየቆየ ሲሄድ ደጋግሞ ካልነካው አይነሳም። አንዴ ከሞቀ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ይሠራል። በነጋታው ደግሞ ያው ነው። አንድ ጠዋት ግን ቢነካው ቢነካው እምቢ አለ።

ልጁ ሳቀ። «አባባ፣ ግማሹን ሥራ ጨረሱልኝ እኮ» አለ።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቤታችን ተቀምጦ፣ እኔ ቲቪውን ተሸክሜ አገር ሳካልል የጠየቀው የለም። የትም ብወስደው ሊገኝ የማይችል መልስ ወንበሩ ላይ ነበር።

ከዚያ አልጋ ልብስ አስጠየቀኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈና ለሁለት ይዘን ቲቪውን በስክሪኑ ደፋነው። ስክሪኑን በጣት ጫፍ እንኳ እንዳልጫነው አስጠነቀቀኝ። ክዳኑን ከፈተ። ወዲያው ግን እጁን አልሰደደም። ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል የሚይዝ እቃ አለ፣ ከ300 ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል አለኝ። በቴስተሩ ለካ፣ የቀረውን ኃይል አፈሰሰው፣ እንደገና ለካ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቪዲዮ አይቼ ራሴ እከፍተዋለሁ የምትሉ ተዉት። በውጭ የምነግራችሁን ሞክሩ፣ ክዳኑን ግን ለባለሙያው ተዉለት።

ብርሃን ሲያስፈልገው የስልኬን መብራት አብርቼ ጠጋ አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና በዓይኑ ወደ አባዬ ጠቆመኝ። ገባኝ፣ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። የእጅ ባትሪውን ለአባዬ ሰጠው። «አባባ፣ እዚህ ጋ ያብሩልኝ፣ እጄ አልበቃ አለኝ» አለው። እጁማ ይበቃው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ላውራችሁ። አባዬ በጎልማሳነቱ የጎረቤት ሬዲዮ ሁሉ የሚመጣው እሱ ጋ ነበር። የተማረው ነገር አይደለም፣ እየፈታ እየገጠመ ነው የለመደው። እሁድ እሁድ ጋዜጣ አንጥፎ ሬዲዮ ሲበትን እኛ ልጆቹ ብሎን ጠባቂዎች ነበርን። አንድ ብሎን ከጠፋ ማንም ከቤት አይወጣም። ያ ሰው ነው ዛሬ ስልኩ ላይ ቁጥር ስንፈልግለት የምንውለው። ቲቪ ሲከፈት ከሩቅ ነበር የሚያየው፤ ማንም «ና፣ ጠጋ በል» ያለው አልነበረም።

ባትሪውን በሁለት እጁ ይዞ አጎነበሰ። ትንሽ ቆየና «እነዚህ ለምን አበጡ?» አለ። ትናንሽ በርሜል የመሰሉ እቃዎች ተደርድረዋል። የአብዛኞቹ አናት ጠፍጣፋ ነው። ጥግ ላይ ያሉት ጥንዶች ግን ወደ ላይ ተነፍተዋል፣ የአንዷ ጫፍ ሊፈነዳ የደረሰ ነው። እኔ እንኳ አየኋቸው። ካፓሲተር ይባላሉ። ሲደክሙ ጠዋት ገና ቀዝቃዛ እያሉ ኃይሉን አስተካክለው መያዝ ያቅታቸዋል፣ ሲሞቁ ይሻላቸዋል፣ በመጨረሻ ጨርሶ ያቅታቸዋል አለን። አባዬ የተናገረው ታሪክ ይኸው ነው፣ ቃል በቃል።

ልጁ ግን በዚህ አልረካም። ያበጠ ስላየሁ ብቻ ቀይሬ አልሄድም፣ ከዋናው ቦርድ የመጣ ችግርም እንዲህ ሊመስል ይችላል አለ። ሲለካ 12 ቮልት መሆን ያለበት ቦታ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም፤ አባዬ ግን ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ፓነሉስ? አልኩት፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ። ፓነሉ ብቻ የተበላሸ ቲቪ ብዙ ጊዜ ድምፅ ይሰጣል፣ ምስሉ ነው የሚበላሸው አለኝ። እንደኛው ምስልም ድምፅም ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው።

በማግሥቱ እቃውን ይዞ መጣና ቀየረው። ክዳኑን ሳይዘጋ ሰካው። ቀይዋ መብራት በራች፣ ጠቅ አለች፣ ምስሉ መጣ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አባዬ «ዝጋውና እንደገና ክፈተው» አለው። ልጁም ዘጋው፣ ከፈተው። እንደገና ዘጋው፣ ከፈተው። የጎደሉትን ብሎኖች ከራሱ ቦርሳ አሟላልኝ። ያበጡትን እቃዎች በወረቀት ጠቅልሎ ለአባዬ ሰጠው፣ ቀየርኩ ብዬ ሳልቀይር እንዳልሄድ ይዩት ብሎ። የጠየቀኝ ክፍያ «ምርመራ» ተብሎ ከተወሰደብኝ ያንሳል። ልጨምርለት ስል እምቢ አለ።

አሁንም አላለቀም። «ዋናው ፈተና ነገ ጠዋት ነው። ቀዝቃዛ እያለ አባባ ይክፈቱት፣ እኔ እደውላለሁ» ብሎ ሄደ። ደወለም። የደወለው ደግሞ ለእኔ አይደለም፣ በቤት ስልክ ለአባዬ ነው። ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ስመለስ አባዬ ስለ ካፓሲተር ያስተምረኝ ጀመር።

ሲሄድ የመከረንን ላካፍላችሁ። የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍ አድርጋችሁ አትጠቀሙ፣ ከኋላ የሚያበሩት መብራቶች ቶሎ ይደክማሉ። ጀርባው አየር ያግኝ፣ በጨርቅ አትሸፍኑት። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፣ ተመልሶ ሲመጣ ትንሽ ጠብቃችሁ ሰኩ። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ከጠፋ ደግሞ ክፍሉን አጨልማችሁ ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ አብሩ። ደብዛዛ ምስል ከታያችሁ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው፣ ፓነሉ አይደለም። «ይጣል» ለሚላችሁ ሰው ይህችን ንገሩት።

ወገኖቼ፣ ይህን ልጅ ጥሩት። ቲቪያችሁ ሞቷል ተብሎ ከሆነም ከመጣላችሁ በፊት ጥሩት። ንጹሕ ልጅ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ሽማግሌ ያከብራል፣ ያላየውን አያወራም። የማይሆነውንም አይሆንም ይላችኋል፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቲቪ ላላት ጓደኛዬ «ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ፓነል መቀየር አያዋጣሽም» ብሎ በስልክ መልሷታል፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀበል።

ቁጥሩን እዚህ አልለጥፍም፣ ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ሁላችሁም በአንዴ ከደወላችሁ ስልኩን ማንሳት አይችልም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፣ እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ቀይዋ መብራት ትበራ እንደሆነ፣ ብልጭ ትል እንደሆነ፣ ድምፅ ይኖረው እንደሆነ አይታችሁ ያዙ። ቤት ውስጥ ቲቪውን አዘውትሮ የሚከፍተው ሰውም አጠገባችሁ ይሁን፤ ስልኩን ለእሱ ስጡት ማለቱ አይቀርም።