የሠርግ ወጪን በቲኬት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ያየሁት ድግስ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ አገባ። ልጁ 11 ዓመት የኖረው ካናዳ ነው፣ ማኒቶባ፣ ዊኒፔግ ከተማ። ሙሽሪት እዚሁ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ናት። ሠርጉ ጥር መጨረሻ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ ከገና ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ማታ፣ ሌላ ድግስ ነበር፤ መግቢያው በቲኬት የሆነ፣ ገቢው ለሠርጉ ወጪ የሚውል። አዳራሹንም፣ ዲኮሩንም፣ ዲጄውንም፣ ቲኬቱንም አንድ የከተማችን ዝግጅት አዘጋጅ ነው ጠቅልሎ የያዘው። ዘንድሮ ለማግባት እየተሰናዱ ያሉ ሁለት ጓደኞቼ «እንዴት ነበር? ያዋጣል ወይ?» ብለው ስለወተወቱኝ ያየሁትን ሁሉ እዚህ እጽፈዋለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማኒቶባ ውስጥ «ሶሻል» ይሉታል። ሙሽሮቹ የሰፈር አዳራሽ ይከራያሉ፣ የመጠጥ ፈቃድ ያወጣሉ፣ ቲኬት ያሳትማሉ። ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የጓደኛ ጓደኛ ሳይቀር ይገዛል። መጠጥ ሁሉም በየኪሱ ነው። ቶምቦላ አለ፣ ዳንስ አለ፣ ሌሊቱ ገፋ ሲል ዳቦ፣ ቀዝቃዛ ሥጋና አይብ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ኦንታሪዮ ላይ ተመሳሳዩን «ስታግ ኤንድ ዶ» ይሉታል፣ ተንደር ቤይ አካባቢ ደግሞ «ሻግ»። ቲኬት የገዛ ሁሉ ሠርጉ ላይ ይጠራል ማለት አይደለም፤ ባለመጠራቱም የሚቀየም የለም። ዊኒፔግ ያለ ሰው ይህን እንደ ተራ ቅዳሜ ማታ ነው የሚያየው። ከዚያው ካናዳ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ግን ሲሰማ ሊደነግጥ ይችላል። የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ ከቫንኩቨር የመጣች የሥራ ባልደረባው «ለራስህ ሠርግ ከሰው ገንዘብ ትለቅማለህ?» ብላ ፊት ለፊት ጠይቃዋለች። እና ሐሳቡ እዚያም ቢሆን ያከራክራል፤ እኛ ብቻ አይደለንም ግራ የገባን።

አሁን ወደ አገልግሎቱ።

ፓኬጁ 60,000 ብር ነበር። አዳራሽ፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ዲኮር፣ ዲጄ፣ መድረክ መሪ፣ የቲኬትና የቶምቦላ ኅትመት፣ በር ላይ የሚቆሙ ሁለት ልጆች። ምግብ ለብቻው ነው፣ 52,000 ብር ወጣበት። ሰዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፣ ይህን አልክድም። የሒሳብ ወረቀታቸው ንጹሕ ነበር፤ የተሸጠው ቲኬት፣ የተረፈው ቲኬት፣ እያንዳንዱ የቶምቦላ ጥራዝ ጉርዱ ሳይጎድል በማግስቱ ከሰዓት በፊት አክስቴ ቤት መጣ። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ብዙ ቦታ አላየሁም።

ቀኑን ግን መጀመሪያ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነበር የያዙት። በጾም! ቀይ ወጥና ዳንስ በነቢያት ጾም። አክስቴ ናት «ማን ሊበላላችሁ ነው?» ብላ ያስቆመችው። አዘጋጁ የዚሁ አገር ሰው ሆኖ ይህን ሳይጠይቅ ቀን መቁረጡ አሳዝኖኛል። ከውጭ የመጣውን ሐሳብ እንዳለ ገልብጦ ከማምጣት የመጣ ስሕተት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። የጥር ሌሊት ውርጩ አጥንት ይገባል። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ የሚሞቅበት ነገር ግን ምንም የለውም። ሴቶቹ በቀሚስ መጥተው ከ3 ሰዓት በኋላ ከወገብ በላይ በጋቢ ተጠቅልለው ነው የተቀመጡት። ለሌላ ጊዜ አዳራሹን የምትይዙ ካላችሁ፣ ስለ ማሞቂያው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ምግቡ ጥሩ ነበር። ወጡ ቤት የተሠራ ይመስል ነበር፣ እንጀራውም ያልደረቀ። ቢራ በገንዘብ ነው፣ ጠላ ግን አክስቴ «በገንዘብ ከሸጣችሁት እኔ አልመጣም» ብላ ስለነበር በነጻ ተቀዳ።

ቶምቦላው በጣም ተወዷል። አንዱ ቁጥር 50 ብር፣ 620 ቁጥር ተሸጠ። ዕጣዎቹን የመረጡበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል፦ አንድ ሙክት የመንዝ በግ፣ ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ አንድ ሙሉ የጀበና ዕቃ ከነረከቦቱ። በጉን ያገኘው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የት እንደሚያስረው ጨንቆት ለሙሽራው መልሶ በስጦታ ሰጠው፣ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ ጨረታ ሆነ። አንድ ድፎ ዳቦና አንድ ጥሩ ጋቢ ወጥተው ሁለቱ 24,000 ብር አመጡ። ጨረታው ላይ ማንም አላፈረም፣ ማንም ቅር አላለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ማሠሪያ ዳቦና ጧፍ ተጫርተን ነው ያደግነው። እጃችን ለምዶታል።

ያላመረው የሳንቲም ጨዋታው ነው። ካናዳ ላይ እንዲህ ይጫወቱታል፦ አንድ ጠርሙስ መሬት ላይ ይቆማል፣ ሰው ሳንቲም ይወረውራል፣ ጠርሙሱ አጠገብ ያደረሰ ጠርሙሱን ይወስዳል፣ ሳንቲሙ ለሙሽሮቹ ይሆናል። እዚህ በባለ አንድ ብር ሳንቲም አደረጉት። ወጣቶቹ እየሳቁ ይወረውራሉ። የሙሽሪት አያት ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ጎንበስ ብለው አንዱን ሳንቲም አነሱ። አንበሳው በኩል አቧራ ነክቶት ነበር፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ ሌላውን ለማንሳት ደግሞ ጎንበስ አሉ። አልተቆጡም፣ ምንም አልተናገሩም። ወጣቶቹ ግን ባንድ ጊዜ ዝም አሉና ሁሉም ሳንቲም መልቀም ጀመረ። እዚህ ላይ መድረክ መሪውን አመሰግነዋለሁ፤ «አባባ ይቅርታ» ብሎ ትልቅ ትሪ አስመጣ፣ ጠርሙሱን ትሪው መሐል ጠረጴዛ ላይ አቆመው፣ ጨዋታው በዚያ ቀጠለ። አያትየውም አንድ ብር ወረወሩ።

ከሁሉም የከፋው ግን በሩ ነው።

የአክስቴ አበልጅ ከመሐል ሜዳ ነው የመጡት። ጠዋት ተነስተው፣ መኪና ቀይረው፣ ሦስት ኪሎ ቅቤ በቅል ይዘው። ድግስ አለ መባሉን ነው የሰሙት፣ ቲኬት የሚባለውን ማንም አልነገራቸውም። በር ላይ ያለው ልጅ «እማማ፣ ቲኬት?» አላቸው። እኔ ከውስጥ ሳያቸው ቅሉን መሬት አስቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ እየፈቱ ነበር። ቋጠሮው ጠብቋል፣ ጣታቸው በብርድ ደንዝዟል፣ በጥርሳቸው ሳይቀር ሳቡት። እየሮጥኩ ደረስኩ፣ ግን ዘግይቼ ነበር። 300 ብር ለልጁ ሰጥተውታል፣ የመመለሻ ትራንስፖርታቸውን ጭምር። ቲኬቱ 500 ነበር፣ ልጁ «ይሁን ይግቡ» ብሎ ተቀብሏል። እሱም ክፉ አልነበረም። የተሰጠው ትእዛዝ ነው። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉን» ብዬ ብሩን ላስመልስ ስል «ተወው ልጄ፣ ለልጃችን አይደል» አሉኝ። ፊታቸው ግን ሌላ ነበር። በእኛ ወግ ድግስ ጠርቶ በር ላይ እጅ መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ ያንን ፊት ያየ ይገባዋል።

ያን ሌሊት አክስቴና ልጇ ሲከራከሩ አደሩ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

አክስቴ መሳቢያዋን ከፍታ ደብተር አወጣች። የትልቁ ልጇ ሠርግ ደብተር ነው፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ። ማን ስንት ብር፣ ማን በግ፣ ማን ጤፍ፣ ማን አንድ ጋን ጠላ እንዳመጣ አንድ በአንድ ተጽፏል። አብዛኛው ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ብድሩ ተመልሷል ማለት ነው። ያልተሰረዙት ልጆቻቸውን ገና ያልዳሩ ናቸው። «እኛም እኮ እናዋጣለን» አለች። «ግን የመጣው ሰው ስሙ ይጻፋል፣ እኔም እሄዳለሁ። በቲኬት የገባውን ማን ብዬ ልጻፈው?»

ልጇ ደግሞ «እማዬ፣ እኔ በየካቲት እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ ብድር ማን ሊከፍል ነው? አንቺ ነሽ። እስክትሞቺ ድረስ በየሠርጉ ልትዞሪ ነው። ቲኬት የገዛ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ፣ ሄደ፤ ዕዳ የለብንም» አላት።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አልተውኩትም፤ ብዙ አሰብኩበት። ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ዌልስ ውስጥ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረ ልማድ አገኘሁ። ሙሽሮች የጥሪ ደብዳቤ አሳትመው ይበትናሉ፣ ሰው ገንዘብና እህል ያመጣል፣ ጸሐፊ ተቀምጦ ይመዘግባል፣ የተሰጠው በሌላው ሠርግ ይመለሳል። ደብዳቤው ላይ የሙሽሮቹ ቤተሰብ ከዚህ በፊት ለሌሎች የሰጠው እንዲመለስም ይጠየቅ ነበር። የአክስቴ ደብተር ማለት ነው! ወደኛ ጠጋ ስንል ደግሞ ዩጋንዳና ኬንያ ከሠርግ በፊት የሠርግ ስብሰባ ይጠራል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ እያንዳንዱ ሰው ቃል የሚገባው ብር ጮክ ብሎ ይነገራል። ታንዛኒያም መዋጮው ካልተከፈለ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ላይመጣ ይችላል። ካምፓላ የሠራ ጓደኛዬ በወር ሦስት እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ይጠራ እንደነበር አጫውቶኛል፤ መጀመሪያ ደንግጦ ነበር፣ በኋላ ለመደው። ማዋጣቱ እንግዲህ በየትም አለ። ልዩነቱ የሰጠኸው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ነው። በቲኬቱ ነገሩ በዚያው ሌሊት ይዘጋል፣ በደብተሩ ለዓመታት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ኪራይ ቤት ለሚኖር፣ ነገ የት እንደሚሠራ ለማያውቅ ወጣት መዘጋቱ እፎይታ ነው። ለአክስቴና ለአበልጇ ግን መዘጋቱ ዝምድናውን እንደ መቁረጥ ነው፣ ለዚህ ነው ያመማቸው።

ገንዘቡስ? ቲኬት 190 ተሸጦ 95,000 ብር፣ ቶምቦላ 31,000፣ ጨረታ 24,000፣ ከመጠጥ ትርፍ 12,000። በጠቅላላው 162,000 ብር። ፓኬጁና ምግቡ ሲቀነስ 50,000 ብር ተረፈ። በሳምንቱ አክስቴ ቤት ቡናና ጠላ ብቻ አቅርባ ዘመድና ጎረቤት ጠራች። ደብተሩ ላይ የተጻፈው በብር ብቻ 74,000 ሆነ፣ በዚያ ላይ ሦስት በግ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ ጌሾና በርበሬ። ከዚህ ውስጥ ግን አንዱም ነጻ ገንዘብ አይደለም፣ ሁሉም ይመለሳል። የቲኬቱ 50,000 የራሳቸው ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የምመክረው እንዲህ ነው። ጓደኛ፣ ባልደረባና የትምህርት ቤት ልጅ የሚበዛበት ከሆነ አገልግሎቱን ውሰዱ፣ ያዋጣል፣ ሰዎቹም ታማኝ ናቸው። ቲኬቱን ግን ቀድማችሁ በእጅ ሽጡ፣ በር ላይ ሽያጭ አይኑር። ለሽማግሌና ለዘመድ ጥሪውን ለይታችሁ ቤት አድርጉት፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ። ምናልባት የሚመጣ ትልቅ ሰው ካለ ደግሞ በር ላይ ከቤተሰብ አንድ ሰው ቆሞ ይቀበል። የድርጅቱን ባለቤት አግኝቻት ይህንኑ ነግሬያታለሁ። አልተከራከረችም። «በር ላይ የምናቆመው ልጅ ከእንግዲህ ከሙሽሮቹ ዘመድ ጋር ነው የሚቆመው» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ በሌላ ድግስ እንዳደረገችው በዓይኔ አይቻለሁ።

አክስቴ አበልጇን በማግስቱ ራሷ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው፣ የትራንስፖርቱንም በግድ አስያዘቻቸው። ከዚያ ቤት ስትመለስ አዲሱን ደብተር ከፈተች፣ ገና ምንም አልተጻፈበትም ነበር። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስማቸውን ጻፈች፣ ከጎኑ «ቅቤ 3 ኪሎ፣ በር ላይ 300 ብር» አለች። መሐል ሜዳ ያለችው ትንሿ ልጃቸው ለፋሲካ ትዳራለች።