«ማድረሱን ለኛ ተይው» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ትልቅ ባንኮኒ፣ ቁም ሳጥን ወይም የኪችን ካቢኔት አዲስ አበባ አሠርታችሁ ወደ ክፍለ ሀገር ልታስጭኑ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ የነቃሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ጅማ ላይ ትንሽ ካፌ ልከፍት ብዬ አዲስ አበባ ላለ ወርክሾፕ 5 ሜትር ባንኮኒ አዘዝኩ። (አዎ አውቃለሁ፣ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጠርበው የሚያወጡ ሰዎች ባሉበት ከተማ ተቀምጬ! እናቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።) ዋጋው ግራናይቱን ጨምሮ 210 ሺህ ብር። ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫቱ ይቀርልሻል አሉኝ፣ እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እሺ አልኩ። ማጓጓዣውስ? «እህቴ፣ ማድረሱን ለኛ ተይው።» የጉዴ መጀመሪያ ይቺ ናት።

ስንነጋገር ሦስት ቦታ ተከፍሎ በቡሎን እንዲገጣጠም ነበር። ስንነጋገር ነው ያልኩት፤ አልተጻፈም። ቀሪውን ብር አስገብቼ በመጫኛው ቀን ወንድሜን ላክሁት፣ በቴሌግራም ቪዲዮ ሲልክልኝ ባንኮኒው አንድ ወጥ ሆኖ በኮላ ተጣብቋል። ከወርክሾፑ አልወጣ ብሎ የበሩን ክፈፍ ሲነቅሉ ይታያል። አንድ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ የእንጨት ሰሌዳ) ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፣ የኔ ደግሞ ዘጠኝ ፈጅቷል። እሱን በእጅ! የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች መጥተው 9 ሺህ ብር ሲጠይቁ የወርክሾፑ ባለቤት «እኛ መኪና እናመጣለን አልን እንጂ እንጭናለን አላልንም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ከፈልኩ፤ ምን ላድርግ?

የመጣው አይሱዙ አጭር ነው። ባንኮኒው ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ከሥሩም ሁለት ቦታ ብቻ ቁራጭ እንጨት ገባለት። ረጅም ዕቃ እንዲህ ሲጫን መሐሉ ይረግባል፣ የተንጠለጠለው ጫፍ ደግሞ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ይነጥራል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደግፈው ነገር ያስፈልገው ነበር። ገመዱን ማዕዘኑ ላይ ካርቶን እንኳ ሳያደርጉ ወጥረው ስላሰሩት ጠርዙን እንደ ቢላ በላው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ግራናይቱ ነው። 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የሚጓዘው እንደ መስታወት በጠርዙ ቆሞ፣ ዘንበል ባለ መደገፊያ ላይ ታስሮ ነው። የኔን ቦታ እንዳይፈጅ ብለው ባንኮኒው ላይ ሰው ይመስል አስተኙት። የተኛ ግራናይት መንገዱ ባነጠረው ቁጥር ይጎብጣል፣ ለሲንክ የተቆረጠው ቀዳዳ ጋ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው። የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ እስኪወጣ የሚተርፍ መስሏቸው ይሆን? ለሁለት ተከፍሎ ገባ። ሸራው የተቀደደ ስለነበር የነሐሴ ዝናብ የባንኮኒውን ታች አሳብጦ እንደ ተነከረ ዳቦ አድርጎታል።

ሾፌሩ «የተጫነልኝን ነው ያመጣሁት» አለ። እውነቱን ነው። ወርክሾፑ ጋ ስደውል ደግሞ «ከኛ በር ደህና ወጥቷል፣ ወንድምሽ ቆሞ አስጭኗል፣ ቪዲዮም አንስቷል» አሉኝ። የራሴን ማስረጃ ለራሳቸው አደረጉት! ልክሰስ ብል ደረሰኝ የለኝ፣ ውል የለኝ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ስንት ቦታ እንደሚከፈል፣ ማን እንደሚያሽግ፣ የጫኝና አውራጁን ማን እንደሚከፍል፣ መንገድ ላይ ቢሰበር የማን እንደሆነ ይጻፍ፣ ይፈረም። ቀሪ ክፍያችሁ ዕቃው እናንተ ጋ ወርዶ እስክታዩት ኪሳችሁ ይቆይ፤ በዚህ የማይስማማ ካለ ሌላ ፈልጉ። የሚመጣውን መኪና የጭነት ቦታ ቀድማችሁ በሜትር አስለኩ። የራሳችሁንም በር ለኩ፤ እኔ ይሄን ረስቼዋለሁ።

አሁን ባንኮኒው ሦስት ቦታ ተከፍሎ በቡሎን ተገጣጥሟል፣ ልክ መጀመሪያ እንደተነጋገርነው። የካፌዬ በር አላስገባ ብሎት የጅማ አናጢ በ14 ሺህ ብር ቆረጠልኝ።